ዳታሽ አልጠፋም

ተይ እህቴ፣ ደጋግመሽ ሪስታርት አታድርጊው። ኡቡንቱን ከ18.04 ወደ 20.04 አሳድገሽ ፖስትግሬስ አልነሳ ሲል መደንገጥሽ አይገርምም፤ ግን ሰርቨሩ የሚልሽን ሳታነቢ የምትነካኪው ሁሉ ነገሩን ያወሳስብብሻል። እስቲ ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ ብለሽ ጻፊ።

ይኸው፣ ሁለት መስመር ወጣ። የላይኛው፦ እትም 10፣ ፖርት 5432፣ «ዳውን፣ ባይነሪስ ሚሲንግ»። የታችኛው፦ እትም 12፣ ፖርት 5433፣ «ኦንላይን»። አፕግሬዱ ሊያልቅ ሲል አሮጌ ፓኬጆችን ላስወግድ ወይ ብሎ ጠይቆሽ እሺ ብለሽዋል፤ የሄደው ግን የ10 ፕሮግራም እንጂ ዳታው አይደለም። ዳታው ቫር፣ ሊብ፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ 10፣ ሜን ፎልደር ውስጥ አለ። 5432 በ10 ስም ስለተያዘ 12 ቀጣዩን ፖርት ይዞ ባዶውን ተነሣ።

አፕሊኬሽኑን ወደ 5433 ላዙረው እንዳትዪ። ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ግን የአፕሊኬሽኑ ተጠቃሚም ዳታቤዙም እዚያ ስለሌሉ አያስገባሽም፤ ሰው ሁሉ ነገር ጠፋ ብሎ አሮጌውን ፎልደር የሚያጠፋው ያኔ ነው። አደራሽን! መጀመሪያ ያንን ፎልደር ሙሉውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ የ10ን ፕሮግራም ከፖስትግሬስ የራሱ የአፕት አርካይቭ መልሰሽ ጫኚ፤ አሮጌ እትሞች እዚያ ይገኛሉ።

10 ሲነሣ ግን ደስ ብሎሽ አፕሊኬሽኑን እንዳትከፍቺበት። ሎግ ላይ የማይታየው ችግር ይሄ ነው። ፖስትግሬስ ጽሑፍ የሚደረድረው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ሳይሆን ጂሊብሲ በሚባለው የሊኑክስ ላይብረሪ ነው፣ እሱም ከ2018ቱ 2.28 እትም ጀምሮ አደራደሩን ለውጧል። 18.04 ላይ የነበረው 2.27 ነው፣ አሁን ያለሽ 2.31። በእንግሊዝኛ ሎኬል ድሮ «11» ከ«1-1» ይቀድም ነበር፤ አሁን «1-1» ይቀድማል። ኢንዴክሱ በድሮው ተርታ ተሠርቶ ፍለጋው በአዲሱ ሲሄድ፣ ደንበኛው ቴብሉ ውስጥ እያለ የለም ይባላል። ይባስ ብሎ፣ አንድ ብቻ መሆን ያለበት ኮድ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ኤረር የለ፣ ምን የለ።

ስለዚህ ማንም ሳይጽፍበት ወደ 12 አሻግሪው። 12 ውስጥ ምንም አለመኖሩን አይተሽ አቁመሽ በፒጂ_ድሮፕክላስተር ሰርዢው፣ ቀጥሎ ፒጂ_አፕግሬድክላስተር 10 ሜን በዪ። ዳታውን አውጥቶ እንደገና ስለሚጭነው ኢንዴክሶቹ በአዲሱ ተርታ ይሠራሉ፤ 12ም 5432ን ይረከባል። ዳታው ብዙ ነው ብለሽ «አፕግሬድ» የሚለውን ፈጣን መንገድ ከመረጥሽ ግን ኢንዴክሶቹ እንዳሉ ይሻገራሉ፣ ሪኢንዴክስ ሳታደርጊ ለሠራተኞቹ አትክፈቺላቸው።

10ን ለማጥፋት አትቸኩዪ። በእጅ ካላስነሣሽው አይነሣም፣ ዲስክ ከመያዝ በቀር አያስቸግርሽም። የወሩ ሪፖርት ወጥቶ፣ ሒሳብ ክፍሎች ቁጥሩን አመሳክረው ልክ ነው ካሉሽ በኋላ ታጠፊዋለሽ።