ታግ ያለበት ዓሣ ሲያጠምዱ ምን ማድረግ አለብዎት? ደረጃ በደረጃ

ሰኔ ነው እንበል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ሄይንስ ፖይንት ላይ፣ የፖቶማክን ወንዝ እያዩ የብረቱን አጥር ተደግፈው ቆመዋል። ክሩ ድንገት ይወጠራል፣ ዘንጉ ይጎብጣል። ከጥቂት ትግል በኋላ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበት ብርማ ዓሣ ብቅ ይላል። ስሙ ስትራይፕድ ባስ ነው፤ የሜሪላንድ ሰው ሮክፊሽ ይለዋል። መንጠቆውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ከሆዱ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ ሮዝ ፕላስቲክ ተንጠልጥሎ ያያሉ። አረንጓዴ አልጌ ሸፍኖታል። በአውራ ጣትዎ ጠረግ ሲያደርጉት ተራ ቁጥር ይወጣል፤ ከጎኑም የስልክ ቁጥር አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት ስህተቶች አንዱን ይሠራል። ወይ ቆሻሻ መስሎት ነቅሎ ይጥለዋል፣ ወይ «የመንግሥት ነገር ነው፣ ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል። «ዝም አይነቅዝም» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። የሚነቅዘውም የዓሣው ቆጠራ ነው፤ ልጆቻችን ነገ የሚያጠምዱት ዓሣ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ደግሞ በዚሁ ቆጠራ ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል?

ተመራማሪው ዓሣውን ይዞ፣ ለክቶ፣ ታግ የሚባለውን መለያ አስሮ ሲለቀው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ጽፏል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ርዝመቱንና ቁጥሩን። ዓሣው ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ፣ ምን ያህል እንዳደገና ማን እንደያዘው የሚናገረው ሁለተኛው ግማሽ ያለው በአጥማጁ እጅ ነው። ሮክፊሽ 30 ዓመት ገደማ ሊኖር የሚችል ዓሣ ነው። በቼሳፒክ ቤይ ገባር ወንዞች እንቁላሏን የጣለች ትልቅ ሴት ዓሣ በበጋ እስከ ኒው ኢንግላንድ ባሕር ድረስ ትጓዛለች። ይህን መንገድ ያወቅነው በአብዛኛው ደውለው ቁጥር በነገሩ አጥማጆች ነው።

የዚህ ዓሣ ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ በእጅጉ ስላሽቆለቆለ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ አግዳ ነበር። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የሚያስተባብረው የመለያ ፕሮግራም የተጀመረው በዚያው በ1980ዎቹ ሲሆን እስካሁን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሮክፊሾች መለያ ተደርጎላቸዋል። ዓሣው ማገገሙ በ1995 ታወጀ። አሁን ደግሞ እንደገና ያሳስባል። ሜሪላንድ በየዓመቱ በምታካሂደው የጫጩት ዓሦች ቆጠራ የ2023 ውጤት 1.0 ነበር፤ የረዥም ጊዜው አማካይ ግን 11 ገደማ ነው። እያንዳንዱ የመለያ ቁጥር ዋጋ ያለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። መለያ ካላቸው 100 ዓሦች 20ው ተይዘው አሥር ሰው ብቻ ቢደውል፣ በወረቀት ላይ የተያዙት አሥር ይመስላሉ። ዓሣ አስጋሪው ከሚገባው በላይ እየወሰደ ሳለ ተመራማሪው ገና በቂ ዓሣ አለ ሊል ይችላል። ለዚህም ነው አንዳንድ ፕሮግራሞች ጥቂት መለያዎች ላይ ከፍ ያለ ሽልማት የሚጽፉት። ያ ዓሣ ከሌላው የተለየ ሆኖ አይደለም። ብዙ ብር የተጻፈበትን መለያ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ስለማይኖር፣ ተራው መለያ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ሰው ሳይናገር እንደቀረ ይታወቃል።

ከቤት ሳይወጡ

ፈቃድዎን ይያዙ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የቆሙበት ዳርቻ የማን እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ቦርሳዎ ውስጥ ሜትር፣ ፒንሳ፣ ትንሽ መቀስ፣ እርሳስና ወረቀት ይኑር። ለሮክፊሽ የተፈጥሮ ማጥመጃ ምግብ የሚጠቀሙ ከሆነ ሰርክል ሁክ የሚባለውን ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ መንጠቆ ይጠቀሙ። ሕጉ ያዛል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከአፉ ጥግ ስለሆነ ዓሣው መንጠቆውን ውጦ አይጎዳም።

ደረጃ 1፦ ዓሣውን ያረጋጉ

መለያውን ከማንበብዎ በፊት እጅዎን በወንዙ ውኃ ያርጥቡ። ደረቅ እጅ የዓሣውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፋል፤ ያ ሽፋን ከበሽታ የሚከላከልለት ልብሱ ነው። ከስር ደግፈው አግድም ይያዙት። በመተንፈሻው በኩል ጣት አያስገቡ፤ በፀሐይ የጋለ ሲሚንቶ ላይም አያስተኙት። ከተቻለ መረብ ውስጥ እንዳለ ውኃው ውስጥ ይቆይ። በሞቃት ወራት ውኃው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ዓሣው ቶሎ ይደክማል፤ ስለዚህ ሥራዎ ፈጣን ይሁን።

ደረጃ 2፦ መለያው ምን ዓይነት እንደሆነ ይዩ

በሮክፊሽ ላይ በብዛት የሚያገኙት ሆዱ ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ፕላስቲክ የተያዘና ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ መለያ ነው። በሌሎች ዓሦች ላይ ከጀርባ ክንፍ ሥር የተተከለ ቀጭን ፕላስቲክ ሊያጋጥምዎት ይችላል። ፕላስቲክ ሳይኖር ሆዱ ላይ የስፌት ምልክት ካዩ፣ ወይም ቀጭን የሽቦ አንቴና ከወጣ፣ ውስጡ ድምፅ ወይም ሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሊኖር ይችላል። የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ባትሪ የሌለው፣ ከውጭ ፈጽሞ የማይታይ መለያም አለ። ዓሣ ሲያጸዱ እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ አይጣሉት።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ያንብቡ፣ ፎቶ ያንሱ

አልጌውን በአውራ ጣት ቀስ አድርገው ይጥረጉ፤ በጥፍር አይፍቁት፤ ጽሑፉ ሊለቅ ይችላል። መለያውን አይጎትቱ። የሆዱን ቁስል ሊከፍቱት ይችላሉ። በአንዱ በኩል ቁጥር፣ በሌላው በኩል ስልክ ወይም የሽልማት መጠን ሊኖር ስለሚችል ዙሪያውን ይዩት። 3 እና 8፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ቅርብ ሆነው ሁለቱንም ጎን ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሩንም በወረቀት ይጻፉ። ከቁጥሩ በፊት ፊደል ካለ እሱንም ይጨምሩ። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ የሌላ ዓሣ ታሪክ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ርዝመቱን ይለኩ

አፉን ዘግተው፣ ከአፉ ጫፍ እስከ ተጨመቀው የጅራቱ ጫፍ ድረስ በቀጥታ ይለኩ። ሜትሩ በሆዱ ላይ አይታጠፍ። በግምት የሚነገር ርዝመት ዕድገቱን ስለሚያዛባ፣ መለካት ካልቻሉ «አልለካሁም» ማለት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ቦታና ጊዜ ይመዝግቡ

«ፖቶማክ» ብቻ አይበቃም፤ ወንዙ ረዥም ነው። «ከፍሌቸርስ ኮቭ መትከያ በታች» ወይም «ከውድሮው ዊልሰን ድልድይ አጠገብ» ዓይነት መግለጫ ይስጡ። ስልክዎ ላይ ያለውን የካርታ ነጥብ ማስቀመጥ ከሁሉም የተሻለ ነው። ቀኑንና በምን እንደያዙት ይጻፉ።

ደረጃ 6፦ መልቀቅ ወይስ መውሰድ?

መለያ ያለው ዓሣ ከሕግ በላይ አይደለም፤ ከሕግ በታችም አይደለም። ወቅቱና መጠኑ የሚፈቅድ ከሆነ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ካልፈቀደ ሽልማት ቢጻፍበትም መልቀቅ ግዴታ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2024 በሜሪላንድ የቼሳፒክ ክፍል የተፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሮክፊሽ ሲሆን ርዝመቱም ከ19 እስከ 24 ኢንች መሆን ነበረበት። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ያረጋግጡ። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ መጠኑ ያልደረሰ ዓሣ ይዘው ወዲያው የለቀቁ እንደሆነ ቁጥሩን ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለም። የለቀቁት ዓሣ ቁጥር ከተበላው ዓሣ ቁጥር እኩል ይፈለጋል።

ለመብላት ከሆነ ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛ፣ መለያው ላይ «አትብሉ» ወይም ከተወሰነ ቀን በፊት እንዳይበላ የሚል ማስጠንቀቂያ መኖሩን ይዩ። ተመራማሪዎች ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ኤምኤስ 222 የተባለ መድኃኒት ዓሣው ለምግብ ከመዋሉ በፊት 21 ቀን እንዲያልፍ ያስገድዳል። ሁለተኛ፣ ከፖቶማክና ከአናኮስቲያ የሚወጣን ዓሣ ስለመመገብ የጤና ማሳሰቢያዎች ስላሉ ያንብቧቸው።

ደረጃ 7፦ መለያው ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ዓሣውን ከወሰዱ መለያውን ከሆዱ ሲያወጡ ሳይበጥሱ ያስቀምጡት፤ ሽልማት ለመቀበል ብዙ ጊዜ መለያው ራሱ ይጠየቃል። መሣሪያ ካገኙም ይመልሱ፤ ውድ ነው፣ ውስጡ ያለው መረጃ ደግሞ በገንዘብ አይተካም።

ዓሣውን ከለቀቁ ግን ፕሮግራሞች ይለያያሉ። ሰሜን ካሮላይና ለምሳሌ ዓሣው ቢለቀቅም መለያው ከሥሩ በመቀስ እንዲቆረጥ ትጠይቃለች። ሌሎች ደግሞ እንዲቆይ ይፈልጋሉ፤ አንድ ዓሣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲያዝ ታሪኩ ይረዝማል። ደንቡ ይህ ይሁን፦ መለያው ላይ «ይቆረጥ» የሚል መመሪያ ካለ ይቁረጡ፤ ከሌለ ቁጥሩን ወስደው ከነመለያው ይልቀቁት። ሲደውሉም መለያው ዓሣው ላይ መቅረት አለመቅረቱን ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ ይደውሉ

መለያው ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የሮክፊሽ መለያዎችን የሚቀበልበት ነጻ መስመር 1-800-448-8322 ነው። እንግሊዝኛዎ ካልተመቸዎት ልጅዎን ወይም ጓደኛዎን አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ የሚጠየቁት የመለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ርዝመት፣ ማጥመጃ፣ ተወሰደ ወይስ ተለቀቀ የሚለውን ነው። ስምና አድራሻ የሚፈለገው መልስ ወይም ሽልማት እንዲላክልዎት ነው። ጊዜ ካለፈም ይደውሉ። ባለፈው ዓመት መሳቢያ ውስጥ የረሱት መለያ ዛሬም ቁጥር ነው፤ ሞቶ ዳር ላይ ያገኙት ዓሣ መለያም እንዲሁ።

ስኔክሄድ ከሆነስ?

በፖቶማክ ሌላም መለያ ያለው ዓሣ አለ፤ እባብ የመሰለ ራስ ያለው ኖርዘርን ስኔክሄድ። የእስያ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በክሮፍተን፣ ሜሪላንድ ኩሬ ውስጥ ተገኝቶ መነጋገሪያ ሆነ፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በፖቶማክ ተራብቷል። ለዚህኛው ደንቡ ይለወጣል። የአገሬው ዓሣ ስላልሆነ እንዲቀንስ ይፈለጋል፤ በሕይወት ማጓጓዙንም ሕግ ይከለክላል። አየር ስለሚተነፍስ ከውኃ ወጥቶም ረዥም ሰዓት ይቆያል፤ ሳይሠቃይ ቶሎ ይግደሉት፣ ከዚያ መለያውን ዓሣው ላይ እንዳለ ፎቶ አንስተው ያሳውቁ። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ነው። ከመግደልዎ በፊት ግን ቦውፊን ከሚባለው የአገሬው ዓሣ ይለዩት። የስኔክሄድ ከፊንጢጣው ኋላ ወደ ጅራቱ የሚዘልቀው የታች ክንፍ ረዥም ነው፤ የቦውፊን ግን አጭር ነው።

ከዚያ በኋላ

ብዙ ፕሮግራሞች ዓሣው የት፣ መቼ፣ በምን ያህል ርዝመት መለያ እንደተደረገለት ይነግሩዎታል። ያን መልስ ለልጆችዎ ያሳዩ። በእጅዎ የያዙት ዓሣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሲያዩ ወንዙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነው።

ፖቶማክ ዳር ስንቆም በሰው አገር ውኃ ዳር የቆምን ይመስለናል። ነገር ግን የሚያጠምድበት ሁሉ የሚያዝበት፣ ደግሞም የሚጠብቀው ውኃ ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ አደራ፦ ሮዝ ፕላስቲክ ባዩ ጊዜ ነቅለው አይጣሉት። ቁጥሩን ይጻፉ፣ ይደውሉ።