ሰው ሲያልፍ የሚበራው መብራት፦ የት ይለጠፍ? ባትሪውስ ስንት ቀን ይቆያል?

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች ሰሞን፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ስትወርድ ደረጃው ላይ ለጥቂት ከመውደቅ ተረፈች። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ግድግዳ በስቶ ገመድ መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ በሦስት ትንንሽ ባትሪዎች (ኤኤኤ) የሚሠራ፣ ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት ገዝቼ ከደረጃው ግርጌ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ለጠፍኩ። ሌሊት ግን የበራው እማዬ ደረጃውን ካጋመሰች በኋላ ነው። ለምን?

ሴንሰሩ የሚያየው ምንድን ነው?

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መብራቶች ፒአይአር የሚባል ሴንሰር አላቸው። ይህ ሴንሰር ምንም ጨረር አይለቅም፤ ከሰው ገላ የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር ብቻ ይቀበላል። ከነጩ ፕላስቲክ ሌንስ ጀርባ በተቃራኒ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች አሉ። ሁለቱም እኩል ሙቀት ካዩ ይጣፋሉ። ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ምልክት ይፈጠራል። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን፦

1. በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍን ሰው ቶሎ ያያል፤ ፊት ለፊት የሚመጣበትን ግን ዘግይቶ። የእኔ ስህተት ይህ ነበር።
2. የሚለየው የሙቀት ልዩነትን ነው። የአየሩ ሙቀት ወደ ሰው ገላ ሙቀት ሲጠጋ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ኤሲ በሌለው ኮሪደር፣ የሚያይበት ርቀት ያጥራል።
3. በመስኮት መስታወት አሻግሮ አያይም። ማሞቂያ ወይም የኤሲ ንፋስ ፊት ከተቀመጠ ደግሞ ያለ ሰው ሊበራ ይችላል።

የባትሪው ስሌት

ለምሳሌ እነዚህን ቁጥሮች እንውሰድ፦ ባትሪው 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ኤልኢዲው ሲበራ 60 ሚሊአምፒር፣ ሴንሰሩ ሲጠብቅ 50 ማይክሮአምፒር። ሦስቱ ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቱ ይደመራል እንጂ ሚሊአምፒር ሰዓቱ አይደመርም።

መብራቱ በቀን 20 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ሰከንድ ቢበራ፦
ሲበራ፦ 20 × 30 ሰከንድ = 10 ደቂቃ፤ 60 ÷ 6 = 10 ሚሊአምፒር ሰዓት
ሲጠብቅ፦ 0.05 × 24 = 1.2 ሚሊአምፒር ሰዓት
ድምር፦ 11.2፤ 1000 ÷ 11.2 = 89 ቀን ገደማ

የሚበራበትን ጊዜ ወደ 15 ሰከንድ ብናሳጥር ድምሩ 6.2 ይሆናል፤ ባትሪውም 161 ቀን ገደማ ይቆያል። ፕሮግራም ለምንጽፍ ሰዎች ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ብዙ የሚበላውን ክፍል ለዩ፣ ከዚያ እሱን አሻሽሉ። እዚህ የሚበላው መጠበቁ ሳይሆን መብራቱ ነው። በተግባር ግን ባትሪው በራሱም ስለሚደክም ከስሌቱ ትንሽ ቀንሳችሁ አስቡ።

በመጨረሻ መብራቱን ነቅዬ ከደረጃው አናት፣ በጎን ግድግዳ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ አድርጌ ለጠፍኩት። አሁን እማዬ በፊቱ አቋርጣ ታልፋለች፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ሳትረግጥ ይበራል። እናንተም ከመለጠፋችሁ በፊት ሰውየው በየት በኩል እንደሚያልፍ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ።