ለትንሽ የሞተር ጀልባ ተስማሚውን ማንሻ ስለ መምረጥ

በጣና፣ በሐዋሳ፣ በባቱና በጫሞ ሐይቆች ላይ ጎብኚዎችን የሚያመላልሱና ለልዩ ልዩ ሥራ የሚያገለግሉ የሞተር ጀልባዎች እንዳሉ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው። ጀልባ ሌሊትና ቀን በውሃ ውስጥ ታስሮ ሲኖር ሆዱ በአረንጓዴ አልጌ ይሸፈናል፤ ማዕበል በተነሣም ጊዜ ከማረፊያው ጋር እየተላተመ ይሰነጣጠቃል። ከዚህ ጉዳት የሚያድነው መሣሪያ የጀልባ ማንሻ ይባላል። ይኸውም በሐይቁ ወለል ላይ በቆሙ ምሰሶዎች መካከል የተዘረጋ መሸከሚያ ሲሆን፣ ጀልባው በላዩ ላይ ከገባ በኋላ በእጅ በሚዞር መዘውር ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር በሚጠመጠም የሽቦ ገመድ ከውሃው በላይ ከፍ ያደርገዋል።

ይህን ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ነገር ልኩ ነው። አቅሙ ያነሰ ማንሻ ገመዱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ጀልባው ይሰበራል፤ በአጠገቡ የቆመ ሰውም ሊጎዳ ይችላል፤ የነጋዴውም ስም አብሮ ይወድቃል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ የገዘፈ ማንሻ የማጓጓዣ ኪራይ ያስጨምራል፤ የጉምሩክ ቀረጥም የሚታሰበው የዕቃው ዋጋ፣ የመድንና የማጓጓዣው ወጪ ተደምሮ ስለ ሆነ ትርፉን ይበላል። እንግዲህ ትክክለኛው ልክ እንዴት እንደሚገኝ ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እናስረዳለን።

ክብደትን ስለ ማስላት

በጀልባ ካታሎግ ላይ የሚታተመው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ደረቅ ክብደት የሚባለው ነው። ይህም ነዳጅና ልዩ ልዩ ዕቃ ሳይጨመርበት፣ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ እንኳ ሳይገጠምበት ባዶው ጀልባ የሚመዝነው ነው። ማንሻው ግን የሚሸከመው ባዶውን ጀልባ ሳይሆን ከሥራ የተመለሰውን ጀልባ ነው። ለምሳሌ ያህል 5 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለውን አንድ ጀልባ እንውሰድ፦

ባዶው ጀልባ 700 ኪሎ ግራም፤
ባለ 90 የፈረስ ጉልበት ሞተር 165 ኪሎ ግራም፤
100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ግራም፤
ሁለት ባትሪዎች 50 ኪሎ ግራም፤
መልሕቅ፣ ሰንሰለት፣ ገመድ፣ የነፍስ ማዳኛ ልብስና መሣሪያ 60 ኪሎ ግራም፤
የፀሐይ መከላከያ ጣራ ከነብረቱ 40 ኪሎ ግራም፤
በውስጡ የሚቀር ልዩ ልዩ ዕቃ 40 ኪሎ ግራም፤
ድምር 1,130 ኪሎ ግራም።

የካታሎጉን 700 ኪሎ ግራም ብቻ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ቁጥር 1,543 ፓውንድ ያህል ስለ ሆነ፣ 2,000 ፓውንድ የሚያነሣ መሣሪያ ይበቃል ብሎ ያዝዛል። ነገር ግን 2,000 ፓውንድ ማለት 907 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ማንሻ ገና በመጀመሪያው ቀን ከአቅሙ በላይ 223 ኪሎ ግራም ይጫንበታል ማለት ነው።

በተገኘው ድምር ላይ ቢያንስ ከመቶ 20 እጅ መጨመር መልካም ልማድ ነው። በምሳሌያችን 1,130 ኪሎ ግራም ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 1,356 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለዚህ የሚስማማው 3,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,361 ኪሎ ግራም የሚያነሣው ነው። ይህ ጭማሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የክረምቱን ዝናብ ማሰብ ይበቃል። 4 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ክፍት ጀልባ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢጠራቀም 200 ሊትር፣ ማለትም 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የማፍሰሻው ውታፍ ሳይነቀል ያደረ ጀልባ በአንድ ሌሊት ዝናብ የተጠባባቂውን አቅም ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። ባለቤቱ ወደፊት ከፍ ያለ ሞተር ለመግጠም የሚያስብ ከሆነ ደግሞ 4,000 ፓውንድ የሚያነሣውን ማዘዝ ይሻላል።

ስለ ቶን ስያሜም ማስጠንቀቅ ይገባል። የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎ ግራም፣ የእንግሊዝ ቶን 1,016 ኪሎ ግራም፣ ሜትሪክ ቶን 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ሻጩ ስለ የትኛው ቶን እንደሚናገር በጽሑፍ ማስረዳት አለበት።

ሚዛንን ስለ መጠበቅ

ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንሻው ሊጎዳ የሚችልበት ሌላ ምክንያት አለ። በምሰሶዎቹ መካከል ከፊትና ከኋላ ሁለት አግዳሚዎች ያሉት ባለ 3,000 ፓውንድ ማንሻ፣ ይህ አቅሙ የተነገረለት ክብደቱ በሁለቱ ላይ እኩል ሲያርፍ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 680 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። በትንሽ ጀልባ ግን ሞተሩ፣ ባትሪውና አብዛኛውን ጊዜም የቤንዚኑ በርሜል በስተኋላ በኩል ናቸው። ጀልባው ያለ ጥንቃቄ ገብቶ ከክብደቱ ሦስት እጅ ሁለቱ በኋለኛው አግዳሚ ላይ ቢያርፍ 753 ኪሎ ግራም ይሆናል። ስለዚህም ጀልባው ክብደቱ በሁለቱ መካከል እስኪከፈል ድረስ ወደ ፊት መግባት አለበት። ሆዱ የሚያርፍባቸው ጣውላዎችም ሞተሩ እስከ ተሰቀለበት የኋላ ግድግዳ ድረስ መድረስ ይገባቸዋል።

ስፋትንና ከፍታን ስለ መለካት

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከጀልባው የጎን ስፋት በእያንዳንዱ ጎን አንድ ስንዝር ያህል ሊበልጥ ይገባል። ጀልባው 2 ሜትር ከ20 ስፋት ካለው 2 ሜትር ከ60 ያህል ያስፈልጋል። ከዚህ በጣም ከሰፋ ደግሞ ጀልባውን ነፋስ እየገፋ ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል።

ከፍታውን በሚመለከት የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ግዴታ ነው። የጣና ውሃ በበጋው ማለቂያ ዝቅ፣ በክረምቱ ማግሥት ከፍ ይላል፤ ልዩነቱም በአማካይ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሆኖ ኖሯል። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የውሃው አወጣጥ በሰው ቁጥጥር ሥር ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም. ግን ሐይቁ እጅግ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ መርከቦች ሥራ አቁመው ነበር። መሸከሚያው በዝቅተኛው ውሃ ጊዜ ከጀልባው ሆድ በታች ለመግባት 60 ሳንቲ ሜትር፣ በከፍተኛው ጊዜ ደግሞ ጀልባውን ከማዕበል በላይ ለማቆየት ሌላ 60 ሳንቲ ሜትር ቢያስፈልገው፣ ከ1 ሜትር ተኩሉ ጋር ተደምሮ 2 ሜትር ከ70 ይሆናል። ብዙዎቹ ትናንሽ ማንሻዎች ይህን ያህል ከፍ አይሉም። እንግዲህ እግሮቹ በየወቅቱ ሊረዝሙና ሊያጥሩ የሚችሉትን፣ ወይም ከውሃው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርደውን ተንሳፋፊ ዓይነት መምረጥ ይገባል።

ስለ ብረቱ ዓይነት

የውጭ ካታሎጎች ለጨዋማ ላልሆነ ውሃ አሉሚኒየም ይስማማል ይላሉ። ይህ ለጣና እውነት ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ያሉት እንደ ላንጋኖ፣ አባያና ጫሞ ያሉ ሐይቆች ግን ሶዳ ያለባቸው ስለ ሆኑ፣ ሶዳ ደግሞ አሉሚኒየምን የሚበላ ስለ ሆነ፣ ለነዚህ ወፍራም ዚንክ የለበሰ ብረት ይመረጣል። ብረቱ ከሳሳ የተጻፈው አቅም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ትእዛዝ ከመላኩ በፊት

አስመጪው ከባለ ጀልባው እነዚህን ነገሮች በጽሑፍ ይቀበል፦ የጀልባውን ሙሉ ክብደት ከነጭነቱ፤ የጎን ስፋቱን፤ ሞተሩ የተሰቀለበትን ቦታና የፈረስ ጉልበቱን፤ በማረፊያው ዘንድ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የውሃ ጥልቀት፤ የሐይቁን ስም። ሻጩንም ማንሻው በኪሎ ግራም ስንት እንደሚያነሣ፣ ያም አቅም በመሸከሚያው ላይ ከተገጠሙት ጣውላዎችና ከብረታቸው ክብደት ሌላ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። የመጠባበቂያ የሽቦ ገመድም አብሮ ይዘዝ፤ ገመዱ በተቆረጠ ጊዜ ሌላ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ጀልባው ሥራ ፈቶ ይቆማልና።

ማንሻው በተተከለ ጊዜም ነጋዴው ለገዢው ሁለት ነገር ሳያስረዳ አይሂድ፤ ጀልባው በሚነሣበት ጊዜ ማንም ሰው በውስጡ እንዳይቀመጥና ከሥሩ እንዳይቆም፣ ከተነሣም በኋላ የማፍሰሻው ውታፍ ሁልጊዜ እንዲነቀል።