ስለ ተተወ የወርቅ ጉድጓድና ስለ ባዜቃ የተሰጠ መመሪያ

ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ በእንጅባራና በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ወርቅ ፍለጋ የሚወርድ ጐልማሳ፥ ስለ ወባው ከሽማግሌዎች ብዙ ምክር ሰምቶ ይሄዳል፤ ሌሎች ቆፍረው ስለ ተዉት ጉድጓድና ወርቅን ከደለል ለመለየት ስለሚያገለግለው፥ ሜርኩሪ ስለሚባለው ስለ ባዜቃ ግን የሚነግረው ጥቂት ነው።

አስቀድሞ፥ ጉድጓዱ ለዓይን የጸና ቢመስልም ከአፉ መራቅ ይገባል፤ ክረምት የሰረሰረው ግድግዳ ሳይታሰብ ይናዳልና። ከታች የታመቀው አየርም ሊገድል ስለሚችል፥ የወደቀ ፍየል ቀርቶ ወንድም እንኳ ቢሆን፥ ገመድና ረዳት ሳይኖር ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው።

ቀጥሎ፥ ወርቅ የታጠበበትን ደለል ለቤት ምርጊት አለመውሰድ፤ የብር መልክ ያለው ጠብታ አልታየም ማለት አፈሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና። ውኃን ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ባዜቃን አያጠራም፤ ስለዚህ የሚጠጣው ከማጠቢያው በላይ ካለ ምንጭ ይቀዳ። ከበታች ካለው ወንዝ፥ ሌላውን ዓሣ እየዋጠ ያደገው ትልቁ ዓሣ አይበላ። በጃፓን አገር በሚናማታ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር ባፈሰሰው፥ በዓሣ በኩልም ወደ ሰው በገባው የባዜቃ መርዝ የመጣው ሕመም በ1948 ዓ.ም. በይፋ ታወቀ፤ ጤነኞች ከሚመስሉ እናቶች እንኳ ሕሙማን ሕፃናት ተወልደዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን እሳቱ ነው። ባዜቃ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ተኑም መልክና ሽታ የሌለው ረቂቅ ስለ ሆነ፥ አፍን በነጠላ መሸፈን ከንቱ ነው። ስለዚህ ከባዜቃ ጋር የተዋሐደውን ወርቅ በማዕድ ቤት፥ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ባሉበት፥ ፈጽሞ አታቃጥሉ። የግድ ከሆነ፥ ከቤት ርቆ በሜዳ፥ ክዳኑ በጠበቀና ተኑን በቱቦ ወስዶ በሚያቀዘቅዝ የብረት ዕቃ ይሁን፤ ዕቃውም ሳይበርድ አይከፈት።

ባዜቃ ቤት ውስጥ ቢፈስ፥ ልጆችን አስወጥቶ በርና መስኮት መክፈት፤ በመጥረጊያ ጠርጎ ከመበተን ይልቅ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ ክዳን ባለው ጠርሙስ ማኖር፤ ወደ ሽንት ቤትም ሆነ ወደ ወንዝ ሳይጥሉ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ።

እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ ድዱ የሚያብጥ፥ እንቅልፍ ያጣ ወርቅ አጣቢ ጠበል ቢጠመቅ የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ሄዶ፥ ባልተጠየቀም ጊዜ፥ ባዜቃ ይዤ ነበር ብሎ ይናገር።