ግሬት ዴን ወይስ ቺዋዋ? ውሻ ለማሳደግ ላሰበ ተቀጣሪ

ውሻ ለማሳደግ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግቢዬ ይበቃዋል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ግን ከግቢው በፊት የሥራ ሰዓትዎን እንዲያስቡ እመክራለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተው ማታ 1 ሰዓት የሚገቡ ከሆነ በመሐል ቤት ማን አለ?

ግሬት ዴን ካደገ በኋላ ከ60 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ያም ሆኖ ሰው እንደሚፈራው ቀኑን ሙሉ የሚሯሯጥ እንስሳ አይደለም፤ ረጋ ያለና መተኛት የሚወድ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ግዙፍ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ይወጠራል፣ ሊያስመልስ ይታገላል ግን ምንም አይወጣውም፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መቀመጫ መቆሚያ ያጣል። ይህን ያየ ሰው «ነገ ይሻለው ይሆናል» ብሎ ማደር የለበትም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካልደረሰለት ይሞታል። እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ቢጀምረው ማን ያይለታል? የዕለት ምግቡን ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍሎ መስጠትና እንደበላ አለማሯሯጥ ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት እንዲህ ያለውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ፣ ማታም ስልክ የሚያነሳ የእንስሳት ሐኪም በአካባቢዎ መኖሩን ያረጋግጡ። ከሌለ ግዙፉን ዝርያ ይተዉት።

ወጪውም ከኪሎው ጋር ይጨምራል። ማደንዘዣውም የትል መድኃኒቱም የሚሰላው በክብደት ነው። ቺዋዋ በቀን የሚበቃው ደረቅ የውሻ ምግብ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ነው፤ ግሬት ዴን ግን ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ቡችላው ቶሎ እንዲጠነክር ተብሎ የሚጨመርለት ካልሲየም ደግሞ የአጥንቱን እድገት ያዛባል፤ እባክዎ አይስጡት።

ትንሹ ወጪው ያንሳል፣ ጣጣው ግን አያንስም። ቺዋዋ ሲያድግ እንኳ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከሶፋ ዘሎ እግሩ ሊሰበር ይችላል። ቡችላ ሳለ ለረጅም ሰዓት ሳይበላ ከቆየ የደሙ ስኳር ወርዶ ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል፤ ጠዋት አብልቶ እስከ ማታ መተው አይሆንም።

በእኛ ቤት ደግሞ ትልቁ አደጋ ወጥ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ መብሰላቸው ጉዳቱን አያስቀረውም። ለማንኛውም ውሻ መጥፎ ነው፤ ግን ግዙፉ ላይ ምልክት የማያሳይ አንድ ሰሃን ትራፊ ፍትፍት 3 ኪሎ ለሚመዝነው ከባድ መጠን ነው። «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል» ለሚል እንግዳም ለቤት ሠራተኛም ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩ።

ዕድሜንም አይርሱ። ግሬት ዴን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት አያልፍም፤ ቺዋዋ 15 ዓመት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊዛወሩ፣ ውጭ አገር ሊሄዱ ይችላሉ። ትንሹን በርካታ አየር መንገዶች ከነመያዣው ከመቀመጫዎ ሥር ያስገቡልዎታል፤ ግዙፉ ግን የሚሄደው በጭነት ክፍል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለሁለቱም ግዴታ መሆን አለበት። ትንሽ ስለሆነ አይነክስም የሚሉትን አይስሙ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ የየትኛውንም ዝርያ ቡችላ አይግዙ፤ ውሻ የግድ ከፈለጉ ያደገና ቤት የለመደ ትንሽ ውሻ ይፈልጉ፣ እኩለ ቀን ላይ የሚያየው ሰውም ያዘጋጁ። ግሬት ዴን የሚሆነው ቀን ቤት የሚውል ሰው፣ በቅርብ ሐኪምና ለድንገተኛ ሕክምና የተቀመጠ ገንዘብ ላለው ብቻ ነው።