ማመልከቻ ሳይሆን ዳጉ፦ ከአጭር ልብ ወለድ ጋር ስለሚላክ ሸኚ ደብዳቤ

መግቢያ

አጭር ልብ ወለድ ለመጽሔት ወይም ለመድበል አዘጋጅ ሲላክ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ሸኚ ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም ከሰመራ ሆኖ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ አገር አዘጋጅ ለሚጽፍ ደራሲ ይህ ወረቀት ክብደት አለው፤ አዘጋጁ ደራሲውን በአካል ስለማያውቀው የመጀመሪያው ትውውቅ ይኸው ነውና። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሸኚ ደብዳቤ በማመልከቻ መንፈስ ሳይሆን በአፋር የዳጉ ሥርዓት መንፈስ ቢጻፍ ለታሪኩም ለደራሲውም ይበጃል የሚል ነው።

የማመልከቻ ልማድ

አብዛኞቻችን የደብዳቤ አጻጻፍን የተማርነው ከመሥሪያ ቤት ነው። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ብሎ የሚጀምረው ቅርጽ ከቢሮ አገልግሎት ለመጠየቅ ተገቢ ነው። ለልብ ወለድ አዘጋጅ ሲጻፍ ግን ሦስት ጉድለቶችን ይዞ ይመጣል።

አንደኛው ልመና ነው። ደራሲው ስለ ድካሙና ስለ ችግሩ ሲያትት አዘጋጁ ታሪኩን በሐዘኔታ እንዲያነብ ይጋብዛል፤ ሐዘኔታ ግን የጥራት መመዘኛ አይሆንም።

ሁለተኛው ማብራሪያ ነው። «ይህ ታሪክ የአርብቶ አደሩን ችግር ያሳያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ልብ ወለዱን ገና ሳይነበብ ወደ ሪፖርት ይለውጠዋል። ስለ አፋር ምድር የሚጻፍ ታሪክ ከድርቅና ከሙቀት ዜና ተለይቶ እንደ ጥበብ ሥራ እንዲነበብ የሚሻ ደራሲ፣ ይህን በር በገዛ እጁ ባይዘጋው ይመረጣል።

ሦስተኛው ሥጋት ነው፤ ታሪኩ እንዳይሰረቅ የሚያስጠነቅቅ ቃል መጨመር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ ሥራ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ምዝገባ ጥበቃ እንዲያገኝ ስለደነገገ፣ ማስጠንቀቂያው አይጨምርለትም፤ አለመተማመንን ብቻ ያሳያል።

የዳጉ ሚዛን

በአፋር ባህል ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ አረፍ ብለው ወሬ ይቀባበላሉ። ተናጋሪው ከየት እንደመጣ፣ ምን በዓይኑ እንዳየና ምን ከሌላ እንደሰማ ለይቶ ይናገራል። የተዛባ ወሬ ማቀበል ነውር ነው፤ አድማጩ በሰማው ላይ ተመሥርቶ መንገዱን፣ ግጦሹንና ውሃውን ይወስናልና።

አዘጋጅም የሚፈልገው እንዲህ ያለ፣ ሊታመንና ሊረጋገጥ የሚችል መረጃ ነው፦ የታሪኩ ርዕስ፣ የቃላት ብዛት፣ ቀድሞ ታትሞ እንደሆነ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ለሌላ ተልኮ እንደሆነ፣ የደራሲው ማንነት በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር። በአካባቢያችን አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። አፋርኛ በላቲን፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል ስለሚጻፉ፣ ታሪኩ በየትኛው ቋንቋ እንደተወለደና ማን እንደተረጎመው መግለጽ ያስፈልጋል። የተርጓሚን ስም መተው ያልታየውን እንደታየ አድርጎ እንደማውራት ነው።

ተቀባዩን ማወቅም የሥርዓቱ አካል ነው። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት ለአባል አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ አባል ያልሆነችው የኢትዮጵያ ዜጋ ምንም ያህል ያማረ ደብዳቤ ቢጽፍ አይጠቅመውም። የኬን ሽልማት ደግሞ ታሪኮችን ሲቀበል የኖረው ከአሳታሚዎች እንጂ ከደራሲዎች አልነበረም። በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን ሽልማት በማሸነፍ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዋ የሆነችው ሜሮን ሀደሮ ያሸነፈችበት ታሪክ በ2018 «ዚዚቫ» በተባለ የአሜሪካ መጽሔት ታትሞ ነበር። ስለዚህ ደራሲው ደብዳቤውን የሚጽፍለት የመጀመሪያው ሰው የመጽሔት አዘጋጅ ነው።

ናሙና

የሚከተለው ለማስተማሪያነት የተዘጋጀ ነው።

«ለተከበሩ የልብ ወለድ ዓምድ አዘጋጅ፦ ‹የሚሌ ሌሊት› የተሰኘ 2,800 ቃላት ያለው አጭር ልብ ወለድ አያይዤ ልኬያለሁ። መጀመሪያ በአፋርኛ ጽፌው ወደ አማርኛ የመለስሁት ራሴ ነኝ። ከዚህ በፊት አልታተመም፤ ለሌላ መጽሔትም አልላክሁትም። ነዋሪነቴ ሰመራ ሲሆን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጊዜዎን ሰጥተው ስለሚያነቡልኝ አመሰግናለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አክብሮት አለ፤ ልመና የለም። ስለ ታሪኩ ይዘት አንድም ቃል አልተነገረም። የቀረበው እያንዳንዱ መረጃ እውነትነቱ ሊጣራ ይችላል። ያሳተመው ሥራ የሌለው ደራሲ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የሌለውን አለመጥቀስ ይበቃል።

ማጠቃለያ

ሸኚ ደብዳቤ ደካማ ታሪክን አያድንም፤ ጥሩ ታሪክን ግን ሊጋርድ ይችላል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ለዚህ የሚሆን ሞዴል ከሩቅ መፈለግ አያሻቸውም። ማንነቱን በአጭሩ ተናግሮ፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ፣ ከዚያም ለአድማጩ ፍርዱን የሚተው መንገደኛ በአዋሽ ሸለቆ ዘወትር ያልፋል።