አንድ ቡና በአራት መዝገብ

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ ለውጭ ገበያ የሚወጣ ቡና ያለ ሰነድ አይጓዝም። ሰነዱ ወደ ኮምፒዩተር ማኅደር ሲገባ ደግሞ ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ፣ መጋዘኑና ላኪው እያንዳንዳቸው ለሥራቸው የሚስማማ ዓምድ ይጨምሩበታል፤ ወረዳ፣ የማሳ መገኛ፣ ክብደት፣ የምርት ዘመን። ችግሩ የሚጀምረው እነዚህ ዓምዶች ሳይፈተሹ ሲሞሉና ከቢሮ ቢሮ ሳይመሳከሩ ሲቀሩ ነው።

ነገሩን ያከበደው የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ቡናው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ከ2020 ማብቂያ) ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን ይጠይቃል። የማሳው መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ በስድስት አኃዝ መጻፍ ይኖርበታል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ከሆነ ወሰኑ በሙሉ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት መገለባበጥ ነው። ሰው ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ብዙ የካርታ ፋይሎች ግን ኬንትሮስን ያስቀድማሉ። ሚዛን ተፈሪ በ7 ዲግሪ ሰሜንና በ35.6 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ትገኛለች። ሁለቱ ቁጥሮች ከተገለበጡ ማሳው አልጄሪያ ገባ ማለት ነው! መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የኢትዮጵያ ኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሷ ከ33 እስከ 48 ስለሆነ ማኅደሩ ከዚህ ውጭ የሆነን ቁጥር እንዳይቀበል ማዘዝ ይበቃል። አኃዙ ከነጥብ በኋላ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ነጥቡ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል፤ በሸካ ይህ ርቀት ከገበሬው ማሳ አውጥቶ ደን ውስጥ ሊጥል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ትክክል የሚመስለው ስሕተት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተለቀመ ቡና የምርት ዘመኑ «2017» ተብሎ ቢገባ የትኛውም ኮምፒዩተር አይቃወምም። ገዢው ግን ሰባት ዓመት ያለፈው ቡና አድርጎ ያነበዋል። «100» የሚል ክብደትም እንዲሁ ነው፤ ኪሎ ነው ፈረሱላ? አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ስለዚህ የዘመን አቆጣጠሩና የመለኪያው ዓይነት የየራሳቸው ዓምድ ያስፈልጋቸዋል፤ ያለ እነርሱ ቁጥሩ መመዝገብ የለበትም።

መዛግብቱን ማስማማት ሌላው ጣጣ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲቋቋም የቆዩት ሰነዶች «ደቡብ» እንዳሉ ቀሩ። ቤንች ማጂ ዞንም ቀደም ሲል ለቤንች ሸኮና ለምዕራብ ኦሞ ተከፍሏል። ከተማዋንም አንዱ ሚዛን ተፈሪ፣ ሌላው ሚዛን አማን ብሎ ይጽፋታል። አሮጌውን ስም ሰርዞ አዲሱን መተካት የቀድሞውን ሰነድ ማበላሸት ነው። የሚሻለው ለቦታው የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ስሞቹን ከነዘመናቸው ከሥሩ መያዝ ነው።

ማን ያርመው የሚለውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። የማሳ መገኛን ማኅበሩ፣ የገባውን ክብደት መጋዘኑ ብቻ ይለውጥ፤ ሌላው ያንብብ። ጀንፈል ሲፈለፈል ክብደቱ ስለሚቀንስ አዲሱ ክብደት በአሮጌው ላይ አይጻፍም፤ ሁለቱም ከነቀናቸው ይቀመጣሉ። ኔትወርክ ተቋርጦ ሁለት ቢሮ አንዱን ዓምድ በየፊናው ለውጠው ቢገኙ፣ ኮምፒዩተሩ የመጨረሻውን በዝምታ ከሚያጸድቅ ጭነቱን አግዶ የዓምዱን ባለቤት ቢጠይቅ ይሻላል፤ የአንድ ቀን መዘግየት ከወደብ ከሚመለስ ኮንቴይነር ይረክሳል።